ግፊቱን አትንኩበት ይሉ የነበሩት ሰው

የጋሽ ኢተፋ ልጅ ሌንሴ ስትደውልልኝ ሕፃናት እየከተብኩ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ስለነበር ኮሪደሩ በእናቶች ሞልቷል። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል አጣብቄ "አቤት" አልኩ።

"ሲስተር ታዱ፣ አባዬ ዐረፈ" አለችኝ። "ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ልቡ ነው አሉን። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚሁ ሱሉልታ።"

መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ቢሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ ባልተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ከእንግዲህ "ሄድሽ ወይ? ነገርሻቸው ወይ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው የለም አልኩ በልቤ። ሐዘኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሦስተኛውን ሕፃን ከትቤ የእናትየውን ካርድ ለሌላ እናት ሰጠሁ። ሰው ስለሞተ እፎይ ያልኩት ለምን እንደሆነ ለመናገር ስለ ጋሽ ኢተፋ ከመጀመሪያው መጀመር አለብኝ።

ከሆሳዕና የመጣሁት ቡራዩ አበባ እርሻ ከምትሠራ አክስቴ ዘንድ ነው። እዚያው ቡራዩ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ ነርሲንግ ገባሁ። ጋሽ ኢተፋ ፊዚዮሎጂ ያስተምሩን ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው ናቸው። ተማሪ "ዶክተር" ሲላቸው "አይደለሁም፣ ጤና መኮንን ነኝ" ብለው ያርሙታል፤ በሳምንቱ ያው ተማሪ ደግሞ "ዶክተር" ይላቸዋል፣ እሳቸውም ደግመው ያርሙታል። አልሰለቻቸውም።

በመጀመሪያው ቀን ክፍል ሲገቡ ስማቸውን እንኳ አልነገሩንም። የግፊት መለኪያውን ጨርቅ የገዛ ክንዳቸው ላይ ጠቅልለው እስኪበቃው ነፉትና እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። መዳፋቸው እያየነው ነጣ፣ ጣቶቻቸው የሬሳ ጣት መሰሉ። ሦስት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ሆነው ከየት እንደመጣን በየተራ ጠየቁን። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ "ይልቀቁት፣ ያምዎታል" አለች። ከዚያ አየሩን ለቀቁት። የነጣው መዳፍ በአንድ ጊዜ ደም ሞላበት፤ ከሌላኛው እጃቸው አጠገብ ሲያስቀምጡት በጣም ይቀላል።

"ይህን ቅላት ያመጣው ማን ነው?" አሉ።

አንዱ "ልብ" አለ።

"ልብማ እንደ ቅድሙ ነው የሚመታው። ለአንድ እጅ ብቻ አይመታም።"

 ያን ጊዜ ስለ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነገሩን። የደም ሥር የውስጥ ሽፋን ራሱ የሚሠራው ጋዝ ነው አሉ፤ በሚኒባስ ጭስ ውስጥ ያለው ያው ጋዝ። ዕድሜው ጥቂት ሴኮንድ ነው። በዚያች ዕድሜው የደም ሥሩን ዙሪያ የያዘውን ጡንቻ ያላላዋል፤ ጡንቻው ሲላላ ሥሩ ይሰፋል፣ ደም ይገባል። "ብቻውን አይደለም፣ ሌሎች አጋዦችም አሉት" አሉ። "እኔ ግን የማውቀው እሱን ነው።"

ይህን ያሉበትን ምክንያት በኋላ ሰማን። በወጣትነታቸው ለሁለተኛ ዲግሪ ሲማሩ በዚህ ጋዝ ላይ ጥናት ጀምረው ነበር። የአይጥ አንጎል ላይ ደም ተቋርጦ ሲቆይ ጋዙ ምን እንደሚያደርግ ነው የሚያጠኑት። አማካሪያቸው አገር ለቆ ሄደ፣ ቤተ ሙከራው ተዘጋ፣ ጥናቱ ሳያልቅ ቀረ። ዲግሪውን ባያገኙም ያጠኑትን አልረሱም። ሌላ ነገር ሲያስተምሩ መጽሐፍ ይዘው ይገባሉ። የአንጎል ደም ዝውውር ዕለት ግን ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ።

"ታዲያ ጥሩ ጋዝ ነው ማለት ነው?" ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

"ማን አወጣው? የት? መቼ?" አሉኝ። "እነዚህን ሳትጠይቂ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አትበይ።" የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሥሩ ሽፋን የሚያወጣው ጋዝ በዙሪያው ያሉትን ትንንሽ ሥሮች ከፍቶ ለተራበው ቦታ ደም ያደርሳል። ያው ጋዝ ከሚሞቱት የነርቭ ሕዋሳት በብዛት ሲለቀቅ ግን ከሌላ ነገር ጋር ተዋህዶ መርዝ ይሆናል፤ ሕዋሱ ኃይሉን የሚያመርትበትን ቦታ ይዘጋል። "አንድ ጋዝ ነው" አሉ፤ "ጠዋት አስታማሚ፣ ከሰዓት በኋላ ገዳይ።"

ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጠው ወደ እኛ ቀረቡ። ደም ከተቋረጠበት ቦታ መሃሉ ቶሎ ይሞታል፤ ጠርዙ ግን ተርቧል እንጂ አልሞተም። በጠርዙ ያሉት ሥሮች ሊከፈቱ የሚችሉትን ያህል ተከፍተዋል። ከዚያ በላይ የሚሰፉበት አቅም የላቸውም። እዚያ ደም የሚያደርሰው የሰውየው የደም ግፊት ብቻ ነው። "ስትሮክ የመታው ሰው ግፊቱ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ትደነግጣላችሁ። ቤተሰቡ ይጮህባችኋል። ከልክ ያለፈ ካልሆነ፣ ልቡ ወይም ሌላ አካሉ ካላስገደዳችሁ፣ ትልቅ ሆስፒታል እስኪደርስ ግፊቱን አትንኩበት። ከምላስ ሥር ግፊት የሚያወርደውን ኒፌዲፒን የሚያደርግ ሰው የዚያን ጠርዝ የመጨረሻ ጉርሻ ነጠቀው።"

ፈተና ላይ መጣ። ያንን ጥያቄ መልሻለሁ።

ስመረቅ ሰበታ ዋናው መንገድ ዳር ያለ አንድ ክሊኒክ ቀጠረኝ። ጋሽ ኢተፋ በሳምንት አራት ቀን እዚያ በሽተኛ ያዩ ስለነበር ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ክፍል ውስጥ የማላውቀውን ነገራቸውን ያየሁት እዚያ ነው። ከተጂ አካባቢ የሚመጣ ገበሬ ሲገባ ስለ ሕመሙ ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ማሳው ይጠይቁታል። ዘንድሮ ምን ዘራህ፣ ስንት በሬ አለህ፣ የፋብሪካው አጥር ማሳህን ነካው ወይ? በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ፣ ወይም በተቃራኒው። የሰው ጥፍር ጫን ብለው ነጭ እስኪሆን ይይዙና ይለቁታል፤ ቅላቱ ሲመለስ እያዩ "ጥሩ" ይላሉ። ግፊት ለክተው ሲጨርሱ ክንዱን ላበደራቸው ሰው "ገለቶማ" ብለው ያመሰግናሉ። እኔንም ኦሮምኛ ሊያስተምሩኝ ሞክረው ነበር። ሰላምታና "የት ነው የሚያምዎ" ከሚለው አላለፍኩም።

ያ ዓመት የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሣበት ዓመት ነው። ሰበታ ላይ ሱቅ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ኢንተርኔት የለም። ፋብሪካዎቹ አንድ ሳምንት ይሠራሉ፣ ሌላ ሳምንት በራቸው ላይ ወታደር ይቆማል። እኔ ከደቡብ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ከክሊኒክና ከቤተ ክርስቲያኔ ውጭ አልወጣም ነበር። ማንም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ፍርሃቱን እኔው ነኝ ይዤው የምዞረው። ይህን የምለው በኋላ ላደረግኩት ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ ሰበብ አድርጌው ስለነበር ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰበታ ወደ አለም ገና ያለው መንገድ በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ ተዘግቶ ዋለ። ጋሽ ኢተፋ ምጥ ላይ ያለች ሴት መምጣት አልቻለችም ተብለው ወደ ቤቷ በእግራቸው ሄደዋል። ክሊኒኩ ውስጥ እኔና የካርድ ሠራተኛዋ ብቻ ነን። አራት ሰዓት ገደማ ኦቦ ቶሎሳን በቃሬዛ አመጧቸው።

ኦቦ ቶሎሳ የታወቁ ገበሬ ናቸው፤ የመሬታቸው ግማሽ ፋብሪካ አጥር ውስጥ የገባባቸው። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ፣ ልጃቸው ገመቹና ሌሎች ስድስት ሰባት ሰዎች አብረው ገቡ። ቁርስ ላይ ሳሉ ነው፣ ቀኝ እጃቸው ኩባያ አልይዝ አለ፣ አፋቸውም ወደ ግራ ተጣመመ። ጣቴን ሰጥቻቸው "ይጫኑት" አልኳቸው። በቀኝ እጃቸው ደከም አድርገው ጫኑት። "ቢሻን" አሉ። ውኃ ማለታቸው ነበር። የሚሉት ይገባል። ስኳራቸውን ለካሁ፣ ደህና ነው። ግፊታቸው ሁለት መቶ በመቶ አሥር ነበር።

"ስንት ነው?" አለ ገመቹ። ነገርኩት።

"እና ምን ትጠብቂያለሽ?"

"እንደዚህ ሲሆን ቶሎ አይወርድም። ጋሽ ኢተፋ ይምጡ።"

"ሁለት መቶ እኮ ነው። ሲስተር፣ የአጎቴን በመቶ ሰማንያ ነው በመድኃኒት ያወረዱለት።"

ከኋላ አንድ ሰው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ አላወቅኩም። እኔን ያለ መሰለኝ፤ ምን ቸገራት፣ የሷ አባት አይደለ ያለ መሰለኝ። ሁሉንም ከክፍሉ አስወጣሁና መጋረጃውን ሳብኩት። ከመድኃኒት መደርደሪያው ኒፌዲፒን አወጣሁ። እንክብሉን በመርፌ ወግቼ ፈሳሹን ከኦቦ ቶሎሳ ምላስ ሥር ጨመቅኩት። ጋሽ ኢተፋ ያሉትን አልረሳሁም ነበር። እጄ መርፌውን ሲያነሣ ድምፃቸው በጆሮዬ ነበር። ለቤተሰቡ ቁጥሩ ሲወርድ እነግራቸዋለሁ፣ ደስ ይላቸዋል፣ ይረጋጋሉ አልኩ።

ቁጥሩ ወረደ። በሃያ ደቂቃ መቶ ሃምሳ፣ በአርባ ደቂቃ መቶ አምስት በስልሳ። ጣቴን ሰጥቼ "ይጫኑት" ስላቸው እጃቸው አልጋው ላይ ወደቀ። ስማቸውን ጠራሁ። ዓይናቸው ፈልጎኝ አላገኘኝም። የባዶውን እንክብል ቆዳ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ካርዱ ላይ አልጻፍኩትም።

ጋሽ ኢተፋ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ደረሱ። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል፤ ሴትየዋ በሰላም ተገላግላለች። እጃቸውን ታጥበው ካርዱን አነበቡ፣ ግፊቱን ራሳቸው ደግመው ለኩ፣ የኦቦ ቶሎሳን ጥፍር ጫን አድርገው ለቀቁት። ቅላቱ ቶሎ አልተመለሰም።

"ሲመጡ ያወሩ ነበር?"

"አዎ። ውኃ ብለዋል። ጣቴንም ጨብጠዋል።"

"የተሰጣቸው ነገር አለ?"

"የለም" አልኩ።

"ከምላስ ሥርም?"

"ምንም።"

አመኑኝ። አላመነቱም፤ ዓይኔን እንኳ ለመመርመር አልሞከሩም። ራስጌውን ዝቅ አስደርገው በደም ሥራቸው ሳላይን ከፈቱላቸው። ግፊቱ ትንሽ ከፍ አለ፣ እጁ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ለሆስፒታሉ የሪፈር ወረቀት ጻፉ። "ምንም መድኃኒት አልተሰጠም" ብለው ጻፉና ፈረሙበት። ያ የኔ ውሸት ነው፤ ፊርማው ግን የሳቸው ሆነ።

መኪና ስለማያልፍ ቃሬዛውን ተሸክመን የሆስፒታል መኪና ወደሚገኝበት ወደ አለም ገና ወጣን። ጋሽ ኢተፋ የሳላይኑን ከረጢት በቀኝ እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው ከጎን ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ ነኝ። መንገዱ የተዘጋበት ቦታ ላይ ወጣቶቹ "የት ነው?" ብለው ቆሙብን። ጋሽ ኢተፋ "ኢጆሌ ኮ" ብለው ጀመሩ፣ ልጆቼ ማለት ነው። ሌላው አልገባኝም። ከወጣቶቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ አየና "ኦቦ ቶሎሳ ናቸው እንዴ!" አለ። ግንዱን አነሡልን፣ ቃሬዛውንም ከእጃችን ተቀብለው እነሱ ተሸከሙ።

ከወዲያ በኩል ወታደሮች ነበሩ። ወጣቶቹ እነሱን ሲያዩ ቃሬዛውን ለእኛ መልሰው ቀሩ። "እጅ ወደ ላይ" ተባልን። ጋሽ ኢተፋ የግራ እጃቸውን አነሡ። "ሁለቱንም" አላቸው ወታደሩ።

"ይኼኛው ቀድሞ ተነሥቷል፣ ልጄ" አሉት ከረጢቱን እያሳዩት። "ካወረድኩት ደሙ ወደ ላይ ይመለሳል።"

ወታደሩ ከረጢቱን አየ፣ ቃሬዛው ላይ ያሉትን ሰው አየ። አሳለፈን። ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል እጃቸውን ሳያወርዱ ተጓዙ። ያን ሁሉ መንገድ ከኋላቸው ሆኜ ልነግራቸው እችል ነበር። ብነግራቸው ወረቀቱን ያርሙት ነበር፣ የሆስፒታሉ ሐኪሞችም ያውቁ ነበር። ኪሴ ውስጥ የእንክብሉን ቆዳ በጣቴ እየደባበስኩ ዝም ብዬ ተከተልኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ከሞት ተረፉ። ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ግን አልተረፉም። ሰፈሩ ምክንያት ፈለገ፣ አገኘም። "ግፊት ሁለት መቶ ደርሶ ኢተፋ መድኃኒት አይሰጥም ብሎ ሕግ አውጥቷል አሉ። ሲስተሯ እሱን ፈርታ ነው ያልሰጠችው።" ይህን ማን እንደጀመረው አላውቅም። ለገመቹ "ጋሽ ኢተፋ ይምጡ" ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ከኔው አፍ ተነሥቶ ያደገ ነው። ሰዎች ወደ ክሊኒኩ መምጣት ቀነሱ። በር ላይ ድንጋይ ተወረወረ።

የክሊኒኩ ባለቤት ሰበሰበን። ገመቹም ተጠርቶ መጥቷል።

"አቶ ኢተፋ፣ መድኃኒት እንዳይሰጥ ያዘዙት እርስዎ ነዎት?" አላቸው ባለቤቱ።

"እኔ ነኝ። ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ጥፋት ከሆነ የኔ ነው፣ በእሷ ላይ አይነሣ።"

ገመቹ "አባቴ ሲመጣ ይናገር ነበር" አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "እርስዎ ባያዝዙ ኖሮ ይናገር ነበር።"

 ክፍል ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ጥያቄ ሲመልሱ ያየኋቸው ሰው አንገታቸውን ደፉ። ባለቤቱ ወደ እኔ ዞሮ "ሲስተር፣ የምትጨምሪው አለ?" አለኝ። "የለኝም" አልኩ። በዚያው ሳምንት ሰፈሩ እንዲበርድ ተብሎ ከክሊኒኩ ተሰናበቱ።

የመጨረሻዋን ቀን ዕቃቸውን ሰብስበው ሲያበቁ አጠገቤ መጡ። "ታዱ፣ አንድ ነገር አልገባኝም" አሉኝ። "ግፊቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለምን ግማሹ ወረደ?"

"በራሱ ነው" አልኩ።

"በራሱም ይሆናል" አሉ። "አንዳንዴ በራሱ ይወርዳል። እንደዚህ ግን አይወርድም ብዬ ነበር የማስበው። ምናልባት የማላውቀው ነገር አለ። ምናልባትም ስህተት ሳስተምር ኖሬ..." ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ጥፍሬን ጫን አድርገው ለቀቁትና "ጥሩ" ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ቡራዩ ኮሌጁ ለጥቂት ዓመታት አስተማሩ። የኔ ታናሽ ዘመድ እዚያ ተማሪ ሆነች። አንድ ቀን "ጋሽ ኢተፋ የአንጎል ደም ዝውውርን አስተማሯችሁ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ዘለሉት" አለችኝ። "ይኼን ከመጽሐፍ አንብቡ፣ እኔን አትጠይቁኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም አሉን።" ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ግን ልነግራቸው አልሄድኩም። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ሱሉልታ ልጃቸው ሌንሴ ዘንድ እስኪገቡ ድረስ፣ ኦቦ ቶሎሳም ሞተው እስኪቀበሩ ድረስ አልሄድኩም።

የሄድኩት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። አሁን በምሠራበት ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት አዲስ ነርስ ስትሮክ ለመታው ሰው ከምላስ ሥር ኒፌዲፒን ልታደርግ ስትል እጇን ያዝኳት። "ማን አስተማረሽ?" አልኳት። "ማንም እንዳታደርጊ ያለኝ የለም" አለች። ቡራዩ የተማረች ልጅ ነበረች። በማግስቱ ሱሉልታ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ጋሽ ኢተፋ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ጋዜጣ ያነባሉ። ከሲታ ሆነዋል። ሌንሴ ሻይ አምጥታልን ስትገባ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጋረጃውን፣ እንክብሉን፣ ኪሴን። ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

"ስንት ሚሊግራም?" አሉ።

"አሥር።"

"ከሰጠሽ በኋላ በስንት ደቂቃ መቶ ሃምሳ ገባ?"

"በሃያ።"

"ንግግሩ የጠፋው ከዚያ በፊት ነው፣ በኋላ?"

"በኋላ። አርባ ደቂቃው ላይ።"

ቁጥሮቹን በጋዜጣው ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ጻፏቸው። አዩዋቸው። ከዚያ ሳቁ። የሽማግሌ ሳቅ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ። "ትክክል ነበርኩ እኮ" አሉ። "ታዱ፣ ትክክል ነበርኩ።" ሌንሴ ድምፁን ሰምታ ብቅ አለች። "ምንድነው አባዬ?" "ምንም፣ ምንም፣ ሲስተር የምሥራች ይዛልኝ መጥታ ነው።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያንን የመሰለ ደስታ ከሰው ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀምቼ እንደኖርኩ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሳቁ ሲያልቅ ግን የጻፏቸውን ቁጥሮች ደግመው አዩ። 

"ስድስት ዓመት ስንት ክፍል ይሆናል?" አሉ። "ያን ትምህርት ዘልዬባቸው የወጡት ልጆች አሁን የትም አሉ። ሱሉልታም አሉ፣ ለገጣፎም አሉ። እነሱን ማን ይሰበስባቸዋል?"

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።"

"ከኔ ጋር ጨርሰሻል" አሉኝ። "ከቶሎሳ ቤት ጋር ገና ነው። ጫልቱ አለች፣ ልጁም አለ። አባታቸው ለምን አንደበቱን እንዳጣ ማወቅ አለባቸው።"

"አብረን ብንሄድስ?"

"እኔ ከሄድኩ ስሜን ለማጠብ ይመስላል። ብቻሽን ሂጂ።"

ቃል ገባሁ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ይደውሉልኝ ነበር። ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል፣ ስለ አዲሲቷ ነርስ ይጠይቁኛል፣ መጨረሻ ላይ "ሄድሽ ወይ? ነገርሻቸው ወይ?" ይላሉ። "በዚህ ሳምንት" እላለሁ። አምስት ጊዜ "በዚህ ሳምንት" ብያቸዋለሁ። ስድስተኛው ስልክ የሌንሴ ነበር።

ለቀብሩ ደረስኩ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ብዙ መጥተዋል። አንዱ ስለ ሳቸው ሲናገር "ያልተረዳውን ነገር አላውቅም ለማለት የማያፍር መምህር" አላቸው። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። የማያውቁት እንዳልነበር፣ እንዲጠራጠሩ ያደረጋቸው ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እዚያ መሃል ቆሜ ደግሞ ዝም አልኩ።

ሰበታ የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። አዴ ጫልቱ በር ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ገመቹ ከውስጥ ወንበር አወጣልኝ። ማን እንደሆንኩ አስታወሰ፤ ከእናቱ ፊት ቆሜ እስክጀምር ድረስ ምን እንዳመጣኝ አልጠየቀኝም። ኦሮምኛዬ ስለማይበቃ በአማርኛ ነገርኳቸው፤ ያልገባቸውን ገመቹ ተረጎመላቸው። እንክብሉ ጋ ሲደርስ ድምፁ ቆመ፤ ከዚያ ቃል በቃል ጨረሰው።

ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል። "ለክስ ከፈለጋችሁ ያደረግኩትን ጽፌ ፈርሜ እሰጣለሁ" አልኩት። "እናቴ ናት የምትወስነው" አለኝ።

አዴ ጫልቱ ጎመኑን ወደ ጎን አድርገው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ስለ ባላቸው ይጠይቁኛል ብዬ ነበር።

"ኢተፋ ሞተ ነው ያልሽው?" አሉኝ በአማርኛ።

"አዎ፣ እናቴ። ሰኞ ዕለት።"

"አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አገኘኝ" አሉ። "ቶሎሳ ከተኛ በሁለተኛው ዓመት ነው። ኮፍያውን አውልቆ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ሰዉ እያየ ፊቴን አዞርኩበት። እጁን እንደዘረጋ ትቼው ሄድኩ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ይኼን አሁን ለማን ልናገረው?"

ገመቹ እናቱን አየ። እኔ ወደ መሬት አየሁ።